በአመድ የታጠቡት ሲኒዎች

ጡረታ በወጣሁ ሰሞን ልጄ ልትጠይቀኝ መጥታ ሲኒ ሳጥብ አገኘችኝ። ጋቢ አጥፌ ወለሉ ላይ አንጥፌ፣ ተንበርክኬ፣ እያንዳንዱን ሲኒ በሁለት እጄ ይዤ ነበር የማጥበው። ቆማ ስታየኝ ቆየችና ሳቀች።

«እማዬ፣ ይሄ እኮ ከማርቆስ ገበያ የመጣ የቻይና ሲኒ ነው። ቢሰበር ሌላ ይገዛል።»

«ለሲኒው ብዬ አይደለም፣ እጄ ለምዶብኝ ነው» አልኳት።

እውነቴን ነበር። ሰው ከሥራ ሲሰናበት እጁ አብሮ አይሰናበትም። የሠራሁበት የባህል ቢሮ ልጆች ስለ ሥራ ዘመንሽ ጻፊልን ካሉኝ ቆይተዋል። እሺ ብዬ ሳልጀምር ባለቤቴ አንማው አረፈ፤ ከዚያ በኋላ ብዕር ማንሳት ከበደኝ። አሁን ቀስ እያልኩ እጽፋለሁ። አንዳንድ ቀን አንድ መስመር ብቻ እጽፍና እተወዋለሁ፤ አንባቢ ይታገሰኝ።

ሥራ የጀመርኩት አምበር ነው፣ በእርሻ ጽሕፈት ቤት በታይፒስትነት። ደርግ ወድቆ መሥሪያ ቤቶች ሲታጠፉና ሲዘረጉ የእኔም መደብ ታጠፈና ደብረ ማርቆስ ባህል ቢሮ ተመደብኩ። ደመወዙ ያው ነው፣ አበሉም ዘግይቶ የሚመጣ ነበር፤ ስለ እሱ ሌላ የምለው የለኝም። ባህል ቢሮ ሲባል እስክስታ የሚያስጨፍሩበት መስሎኝ ነበር። ስገባ ግን ያገኘሁት አንድ ጠባብ ክፍል፣ አንድ ጠረጴዛና አንድ ሸበቶ ሰው ነው። ጋሼ ልሳነወርቅ ይባላሉ። በልጅነታቸው የቆሎ ተማሪ ነበሩ፣ ኋላ አስተማሪ ሆኑ፣ በመጨረሻ የቅርስ ሠራተኛ። ሥራቸው በየደብሩና በየሰዉ ቤት ያለውን አሮጌ ዕቃ አይቶ፣ ምንነቱን አጣርቶ ማስመዝገብ ነበር። እኔን ረዳታቸው አደረጉኝ።

መጀመሪያ ያስተማሩኝ ቀለበት ማውለቅ ነው። «የወርቅ ቀለበት የሸክላ ጠላት ነው» አሉኝ። ዕቃ ከመንካቴ በፊት የጋብቻ ቀለበቴን አውልቄ ነጠላዬ ጫፍ ላይ እቋጥረዋለሁ፤ ስጨርስ ፈትቼ አደርገዋለሁ። ሁለተኛው መንበርከክ ነው፤ ቢያመልጥሽ ከቅርብ ይውደቅ ይላሉ። ሦስተኛው ልማዳቸው ብዙ ሰው ያስገርም ነበር። አንድ ዕቃ ሲያሳዩአቸው «ይሄ ምንድን ነው?» ብለው አይጠይቁም። የቀረበላቸውን ውኃ ወይም ጠላ ቀምሰው፣ የከብቱን የእህሉን ጠይቀው፣ ሲያበቁ «ከማን ተቀበላችሁት?» ይላሉ። ዕቃ ራሱን ደብቆ መኖር ይችላል፣ የሰጠው ሰው ግን የሆነ ቦታ መታወሱ አይቀርም ብለው ያምኑ ነበር።

ቤታቸው ከንፈሩ የተሸረፈ አንድ አሮጌ የፈረንሳይ ሲኒ ነበራቸው። ስለዚህ ዓይነት ሸክላ የማውቀውን ሁሉ በእሱ ነው የተማርኩት። በፀሐይ ፊት ሲይዙት የጣት ጥላ ወዲያ ማዶ ይታያል። በጥፍር ጫፍ ነካ ሲያደርጉት ደህናው እንደ ትንሽ ቃጭል ይጮኻል፣ የተሰነጠቀው ያፍናል። ጆሮ የለውም፤ ፈረንሳዮቹ ራሳቸው የሚጠጡበት ባለ ጆሮ ነው፣ ጆሮ የሌለውን የሚሠሩት ቡና በዚያ ዓይነት ፍንጃል ለሚጠጣው ለምሥራቁ አገር ነበር። በባሕር እስከ ጅቡቲ፣ ከዚያ በባቡርና በበቅሎ እኛ ዘንድ ደርሷል። ቂጡ ላይ ያለችው አረንጓዴ ማኅተም ከመስታወታማው ልባስ በታች የተመታች ስለሆነች አትለቅም። አበባውና ወርቁ ግን በልባሱ ላይ ይሣላሉ፤ ብዙ ጊዜም ነጩን አንድ ፋብሪካ ይተኩሰዋል፣ የሚሥለው ሌላ ሰው ነው።

«ወርቁ በመጨረሻ፣ በለዘበ እሳት የገባ እንግዳ ነው» ይሉኝ ነበር። «መጨረሻ እንደገባ ቀድሞ የሚወጣውም እሱ ነው። አደራ፣ በጨርቅ እንኳ አትሺው።»

ይህን የሚያውቁ ሰው ናቸው እንግዲህ ያ ነገር የደረሰባቸው።

ከይጁቤ ወዲያ በእግር የሚኬድባት አንዲት የገጠር ማርያም አለች። በኅዳር ጽዮን ማግስት ዕቃዋን ልንመዘግብ ሄድን። እስከ ይጁቤ ያደረሰን አንማው ነው፤ በዚያ መስመር የአውቶቡስ ሹፌር ነበር። ስንደርስ ካህናቱ ለሙታን ጸሎት እያደረጉ ነበርና ቆመን ጠበቅን። የሟቾቹ የክርስትና ስም ሲነሳ ከሁሉ በፊት «ወለተ ጽዮን» የምትባል ተጠራች። ጋሼ ልሳነወርቅ ኋላ ማን ናት ብለው ቄሰ ገበዙን ጠየቋቸው። ቄሰ ገበዝ አየነው የቤተ ክርስቲያኗን ንብረት የሚጠብቁ፣ ረጅም፣ ንግግራቸው ቁጥብ የሆነ ሰው ናቸው። የቀደሙት አባቶች ከሁሉ አስቀድመው ሲጠሯት ሰምተው እነሱም እንደሚጠሯት፣ ማን እንደነበረች ግን የሚያውቅ እንደሌለ ነገሩን።

ዕቃ ቤቱ ለሴት የሚገባበት ስላልሆነ እኔ ደጅ ቀረሁ። ጋሼ ልሳነወርቅ ሲወጡ ፊታቸው በርቶ ነበር። ስድስት ሲኒዎች አይተዋል። ተገልብጠው ተደርድረው፣ ቂጣቸው ላይ ሻማ እየተተከለ መቅረዝ ሆነው ኖረዋል። የዘመናት ሰም ወርዶባቸው፣ ጥላሸት ጠጥተው፣ በጨለማው ከንፈራቸው ላይ ግን የወርቅ ክር ያበራል። ከማን እንደተቀበሏቸው ቢጠይቁ የሚያውቅ ጠፋ። የባለሙያ ዐይን እንዲያያቸው ከክልል ሰው ማስመጣት ነበረብን፤ ቀን ተቆረጠ። ስንሰናበት ጋሼ ልሳነወርቅ በደስታ ብዛት፣ አንድ ጨዋ ሰው ለሌላው እንደሚለው፣ «እንግዲህ አሰናድታችሁ ጠብቁን» አሉ።

በእኛ አገር ለእንግዳ የሚቀርብ የቤተ ክርስቲያን ዕቃ እንዴት እንደሚሰናዳ ሁሉም ያውቃል። ጽናውም፣ መስቀሉም፣ የነሐሱ ጸናጽልም በአመድና በሎሚ ይታሻል፣ እንደ ፀሐይ እስኪያበራ።

በታኅሣሥ ስንመለስ ሲኒዎቹ በደጀ ሰላሙ አግዳሚ ላይ፣ በነጭ ጨርቅ፣ ተደርድረው ጠበቁን። ነጭ ነበሩ፤ እንደ ወተት ነጭ። የደብሯ ሴቶች ተሰብስበው ሰሙን በቢላዋ ፍቀው፣ በአመድና በሎሚ ሲያሹ ውለዋል። የከንፈሩ ወርቅ የለም። ከአበቦቹም የቀሩት የሐምራዊ ጥላ የመሰሉ ነጠብጣቦች ናቸው። ቂጡ ላይ አረንጓዴዋ ማኅተም ብቻ ሳትነካ አለች። ሴቶቹ ምርቃት ይጠብቃሉ። ከእነሱ አንዷ፣ ሰው ሁሉ እማሆይ የሚላት ባልቴት፣ «ቂጡም ላይ ቢጫ ነገር ነበረበት፤ የሰም እድፍ ነው ብለን አልለቀቅነውም» ብላ በኩራት ነገረችን።

ጋሼ ልሳነወርቅን አየኋቸው። ተንበርክከው አንዱን አነሱ፣ አገላብጠው አዩ፣ አስቀመጡ። ከዚያ ቀና ብለው «እጃችሁ ይባረክ» አሉ። በመንገድ ላይ እኔ ላጽናናቸው ብዬ ሴቶቹ ባያውቁ ነው ስላቸው፣ «እነሱማ የሚያውቁትን አደረጉ። የማያውቁትን የምነግራቸው እኔ ነበርኩ» አሉኝ።

ሲኒዎቹን በቅርጫት፣ በጤፍ ጭድ መሀል አድርገን ደብረ ማርቆስ ወሰድናቸው። እዚያ የጠበቀን የክልሉ ባለሙያ ክፉ ሰው አልነበረም። ማኅተሟን አንብቦ፣ ሊሞዥ በምትባል የፈረንሳይ ከተማ የተሠሩ ናቸው አለ፤ እሱን እኛም አውቀነዋል። ነገር ግን የፈረንሳይ ሲኒ አዲስ አበባ በየአሮጌ ዕቃ ሱቁ ሞልቷል፣ ሥዕሉ ደግሞ ጠፍቷል። የዚህች ደብር ቅርስ ናቸው ለማለት ማን፣ ለምን እንደሰጣቸው የሚያሳይ ነገር አምጡ አለን። አልነበረንም። ካልተመዘገቡ ደግሞ ደብሯ የፈለገችውን ልታደርግባቸው ትችላለች፤ ቄሰ ገበዙም የሚፈልጉትን ያውቁ ነበር። ከአዲስ አበባ የመጣ አንድ የአሮጌ ዕቃ ገዥ ስለ ሲኒዎቹ ሰምቶ፣ ቢታጠቡም እወስዳለሁ ብሏል። በቀጣዩ እሑድ ከምእመናኑ ጋር ሊነጋገር ቀጠሮ ይዟል። ጋሼ ልሳነወርቅ ልክ አይደለም ብለው ቢልኩባቸው፣ ቄሰ ገበዝ የመለሱት መልስ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ።

«ለእመቤታችን ሲኒ ምኗ ነው? ጣሪያዋ ነው እንጂ የሚያፈሰው።»

ጣሪያው እውነት ያፈስ ነበር። ሣሩ በስብሶ በክረምት ዝናቡ መቅደሱ ውስጥ ይወርዳል።

እሑድ ጧት ሲኒዎቹን ልንመልስ በአንማው አውቶቡስ ጉዞ ጀመርን። ቅርጫቱ ጭኔ ላይ ነው። የታኅሣሥ ብርድ ነበር፣ ሜዳው ሁሉ አመዳይ ለብሷል። መንገድ ላይ ጎማ ተነፈሰና ተሳፋሪው ወርዶ እሳት ፍለጋ ተበተነ። አንማው ጎማውን ቀይሮ እጁን አጥቦ መጣና ቅርጫቱን በዐይኑ አመለከተ።

«እስቲ ይሄን ሁለት ሳምንት እራት ያስረሳሽን ሲኒ አሳዪኝ።»

«መጀመሪያ ቀለበትህን አውልቅ» አልኩት።

«በሠርጋችን ቀን ለዘላለም አድርግ አልሽኝ፣ ዛሬ አውልቅ ትያለሽ። የቱን ልስማ?»

ጋሼ ልሳነወርቅ ከብዙ ቀን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ። አንማው ቀለበቱን አውልቆ ለእኔ ሰጠኝና ሲኒውን በሁለት እጁ ተቀበለ። ወደ ብርሃኑ አገላበጠው። ከዚያ፣ ሹፌር አይደል፣ በየጧቱ የጎን መስታወቱን እንደሚያደርገው፣ ቂጡ ላይ ሃ ብሎ ተነፈሰና በሻርፑ ጫፍ ሊወለውለው እጁን አነሳ። እጁ ግን አየር ላይ ቀረ።

«የኔዋ፣ ጽሑፍ አለው እኮ።»

ጋሼ ልሳነወርቅ ከመቀመጫቸው ዘለው ተነሡ። «አትጥረገው!»

እስኪደርሱ ትንፋሹ ደርቆ ጽሑፉ ጠፍቷል። ቂጡ ነጭ ነው፣ ከአረንጓዴዋ ማኅተም በቀር ምንም የለበትም። አንማው እንደገና ተነፈሰ። ጉሙ ሲያርፍበት በማኅተሟ ዙሪያ፣ ጉም ያልያዘው መንገድ ታየ፤ የእኛው ፊደል ነበር። ሴቶቹ የሰም እድፍ ያሉት ቢጫ ነገር የወርቅ ጽሑፍ ነበር። ወርቁ በእሳት ሲያዝ ከሥሩ ያለውን ልባስ ነክቶት ኖሯል፤ ወርቁ ቢሄድም የነካው ቦታ እንደ ሌላው አይለሰልስም። ዐይን አያየውም፣ ትንፋሽ ግን ያገኘዋል። በብርድ ያለ ሲኒ ላይ ደግሞ ትንፋሽ ይቆያል።

ጋሼ ልሳነወርቅ በወንበሮቹ መሀል ተንበርክከው ስድስቱንም አንድ በአንድ ተነፈሱባቸው። አንዱ ላይ ፊደሉ ግማሽ ነው፣ ሌላው ላይ ይሞላል። የጻፈው ሰው ፊደላችንን እንደማያውቅ ያስታውቃል፤ ከተላከለት ወረቀት ላይ እያየ እንደ ሥዕል የሣለው ነው፣ መስመሩ ይንቀጠቀጣል። ከስድስቱ ያነበብነው ግን አንድ ነው፦ «ወለተ ጽዮን፣ ስለ ነፍሷ»።

ደብሯ ስንደርስ ምእመናኑ በዋርካው ሥር ተሰብስበዋል፣ ገዥውም በጨዋ ደንብ ከሽማግሌዎቹ ጎን ተቀምጧል። ጋሼ ልሳነወርቅ ንግግር አላደረጉም። ሲኒውን ለቄሰ ገበዝ አየነው ሰጥተው፣ ይተንፍሱበት ብለው ለመኗቸው። ቄሰ ገበዝ የሚቀልዱባቸው መስሏቸው ቀና ብለው አዩአቸው። ከዚያ ተነፈሱ። አነበቡ። እንደገና ተነፍሰው አነበቡ። ሲኒውን ለሚቀጥለው ካህን አቀበሉ፣ እሱም ለሚቀጥለው። እማሆይ ተራዋ ሲደርስ ማንበብ ስለማትችል ተነፍሳ «ምን ይላል?» ብላ ጠየቀች፤ ሲነግሯት ያሸችበትን እጇን በሌላው እጇ ያዘችው። ጋሼ ልሳነወርቅ ጠጋ ብለው፣ ሰሙን ባትፍቂ ኖሮ ስሟ ከሥሩ እንደተቀበረ ይቀር ነበር አሏት። ይህ ለማጽናናት ብቻ የተባለ አልነበረም።

ጣሪያው አሁንም ያፈሳል፣ ገዥውም አሁንም ተቀምጧል። ቄሰ ገበዝ አየነው ወደ ገዥው ዞሩ።

«ወንድሜ፣ ደክመህ መጣህ፣ እግዜር ይስጥህ። ይችን ሴት በየዓመቱ ስሟን እንጠራለን። ለምን እንደምንጠራት ሳናውቅ ስንጠራት ኖርን። ለካ ዋጋውን አስቀድማ ከፍላለች። አሁን ስሟን እየጠራን አደራዋን ልንሸጥ ነው?»

ገዥው ተነሥቶ መስቀል ተሳለመ። ይገባኛል ብሎ፣ ምሳ በልቶ ሄደ።

ስለ ጣሪያው ያሰበ የለም ብዬ ነበር፤ አንማው አስቧል። ከሽማግሌዎቹ መሀል ገብቶ፣ እያንዳንዱ አባወራ አንዳንድ ቆርቆሮ ቢችል ከማርቆስ ይጁቤ የማጓጓዙ ነገር በእኔ ይሁን አለ። አውቶቡሱ የእሱ አልነበረም፤ ባለቤቱን እንዴት እንዳስፈቀደ እስከ ዛሬ አላውቅም። እስከ ግንቦት ድረስ ቆርቆሮ በአውቶቡሱ አናት፣ ፖርቶመጋላው ላይ ከዶሮና ከጤፍ ጆንያ ጋር ታስሮ ይሄድ ነበር። ከይጁቤ ወዲያ ሰዉ በሸክም አደረሰው። ክረምቱ ሲገባ ጣሪያው ተመትቷል።

ሲኒዎቹም ተመዘገቡ። ባለሙያው ራሱ መጥቶ ተነፈሰባቸው። ማን ናት ለሚለው ጋሼ ልሳነወርቅ ከሚያውቁት አላለፉም። የከበረ ቤት ሴት ሳትሆን አትቀርም፣ ነጋዴ ስሟን በወረቀት ይዞ ተልኮላት ይሆናል፤ የቀረውን አናውቅም አሉ። እንዲያ ተብሎም ተጻፈ። ወርቁ ግን አልተመለሰም፣ አበቦቹም አልተመለሱም። ጋሼ ልሳነወርቅ ይህን እስከ መጨረሻው ከልባቸው አላወጡትም። ከዚያ በኋላ የሄዱበት ደብር ሁሉ ስንሰናበት «እንዳለ ይቆየን፣ አቧራውም አይነካ» ሳይሉ አይወጡም ነበር፤ ያን ሳይሉ ወጥተው ከመንገድ የተመለሱበትም ጊዜ አለ። ጡረታ ሲወጡ አቧራ የሚያነሡባትን ለስላሳ የጢም መላጫ ብሩሽ ሰጡኝ። ሌላ ውርስ አልነበራቸውም፣ ለእኔም ሌላ አላስፈለገኝም።

ቀጥሎ የመጣው ኃላፊ ወጣት ነበር፣ ኮምፒዩተር የሚወድ። መጀመሪያ ፈርቼው ነበር። የወለተ ጽዮንን ስም ፎቶ ላንሳ ብሎ ካሜራውን ይዞ አብሮኝ ወጣ፤ እሱ ሲተነፍስ ካሜራው ጉም ይለብሳል፣ ካሜራውን ሲያስተካክል ፊደሉ ይጠፋል። በመጨረሻ እኔ እየተነፈስኩ እሱ አነሣ። «እርስዎ ባይኖሩ ይሄ ፎቶ አይነሣም» አለኝ። «ሁለት ሰው ባይኖር በል» አልኩት። ሉማሜ ስዛወርም፣ ተመልሼ ማርቆስ ስመጣም፣ አዲስ ሠራተኛ በተቀጠረ ቁጥር ቀለበት ማስወለቅና ማንበርከክ የእኔ ሥራ ሆነ። ሌላ ብዙ ዕቃ አይቻለሁ፣ የጠፋም የተገኘም። የዚህን ያህል የማስታውሰው የለም።

አንማው የታመመው እኔ ጡረታ ልወጣ ጥቂት ሲቀረኝ ነው። ሕመሙ ረጅም አልነበረም። ከተቀበረ ወዲህ ቀለበቴን አውልቄ አላውቅም፤ እጄን ስታጠብም፣ ሊጥ ሳቦካም። የማወልቅበት ምክንያት አልነበረም፣ መልሶ ማድረጉንም ፈራሁት።

ባለፈው ኅዳር ከልጄ ጋር ወደዚያች ማርያም ወጣሁ። በአንማው ስም መጋረጃ አሠርቼ ነበር። ቄሰ ገበዝ አየነው አርጅተዋል፣ በበትር ነው የሚሄዱት፤ አንማውን ግን «የቆርቆሮው ሹፌር» ብለው አስታወሱት። የክርስትና ስሙን ጠየቁኝና ነገርኳቸው። ያለወቅቱ ካፊያ ይጥል ነበርና ጣሪያው ላይ ይንጠባጠባል፣ ወደ ውስጥ ግን ጠብ የሚል የለም። ስሞቹ ተጠሩ። መጀመሪያ ወለተ ጽዮን ተባለች። ከዚያ ሌሎቹ፣ የማላውቃቸው። ከዚያ ገብረ መድኅን ተባለ።

ልጄ የአባቷን የክርስትና ስም ሰው ፊት ሲጠራ ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነው መሰለኝ፣ ክንዴን ያዘችኝ።

ከጸሎት በኋላ ቄሰ ገበዝ ሲኒዎቹን ወደ ደጀ ሰላሙ አስወጡልኝ። ጭድ ውስጥ ናቸው፣ ሻማ አልነካቸውም፣ አመድም። ነጠላዬን አጥፌ ተንበረከክሁ። እጄን ልዘረጋ ስል ቀለበቱ አበራብኝ። ጋሼ ልሳነወርቅ በሕይወት የሉም፣ ማንም አያዘኝም ነበር። ግን አወለቅሁት። በቀላሉ ወጣ፤ አልወጣም ይላል ብዬ ነበር። ነጠላዬ ጫፍ ላይ ቋጠርኩት።

ሲኒውን በሁለት እጄ አንሥቼ ተነፈስኩበት። ልጄ ከትከሻዬ በላይ ጎንበስ ብላ አነበበች፤ ጉሙ ሲለቅ የወለተ ጽዮን ስም ጠፋ።

«ሄደ» አለች ልጄ።

«አልሄደም» አልኳት። «ቀለበትሽን አውልቂና አንቺ ተንፍሺበት።»